ግማሹ የታለ?

ባሕር አይቼ አላውቅም። በባሕር ጉዳይ ግን ተከስሼ፣ ተመርምሬ፣ ፍርድ ተሰጥቶኛል። ችሎቱ የተቀመጠው ኮምቦልቻ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ተከሳሹ እኔ፣ ማስረጃው አንድ ካርቶን ዓሣ፣ ውሳኔው ደግሞ ሚስት ማግኘት ወይም ማጣት ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ አለኝ፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና መጋረጃ እሸጣለሁ። ትምህርትን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይ እሱ ተወኝ፤ ብቻ ተጣልተን አይደለም የተለያየነው። ልጅነቴን የጨረስኩት ጫማ በመለየት ነው። ያገለገለ ጫማ በቦንዳ ተጭኖ ይመጣና መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ቀኙን ከግራው አገናኝቶ ጥንድ ማድረግ የኔ ሥራ ነበር። እስከ ዛሬ ከሰው ጋር ስተዋወቅ ፊቱን የማየው እግሩን ካየሁ በኋላ ነው።

ገበያው የሚያውቀኝ "እንድሪስ ግማሽ" ብሎ ነው። የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ትልቁን ድርብ ብርድ ልብስ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ሲመጣ፣ እሱው ቆሞ እያየ ከመሐል በመቀስ እቆርጥለትና ጠርዙን አሰፋለታለሁ። ግማሹን እሱ ይወስዳል፣ ግማሹን ቀጣዩ ይወስዳል፣ ሁለቱም ይሞቃቸዋል። በግልጽ የተደረገ ነገር ነው። ስም ግን እንደ ብርድ ልብስ ጠርዙ ተሰፍቶ አያልቅም፤ ተለጥፎብኝ ቀረ።

መዲና ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ተሰልፎ የሚበላበት ምግብ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የተዋወቅነው መጋረጃ ልለካላት ሄጄ ነው። መስኮቶቿን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደለካሁ መስኮቶቹ ይመስክሩ። ቃል ከአፏ ስትወጣ ተመዝና ነው፤ ስትናገር ዓይኗን አታነሣልህም። "መስኮቱ ያድጋል እንዴ፣ በየሳምንቱ የምትለካው?" ያለችኝ ቀን ሽማግሌ መላክ እንዳለብኝ ገባኝ።

ሽማግሌዎቼን የመሩት ጎረቤቴ ጋሽ ታደለ ናቸው፤ የባሕር ኃይል ጡረተኛ። ወሎ ነውና ክርስቲያን ለሙስሊም ሽማግሌ ሲሆን ማንም ዞር ብሎ አያይም። የሄዱት ወደ መዲና አጎት፣ ወደ ሐጂ ሙሔ ነው። ሐጂ ከቢስቲማ ናቸው፤ አባቷ ስለሌሉ ቃሉ የእሳቸው ነው። "ቅዳሜ ኮምቦልቻ እሷ ቤት ኑ፤ መልስ ትሰማላችሁ" አሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ እወቁልኝ። መልስ በሚሰጥበት ቀን ጠያቂው እዚያ ቤት አይታይም። መታየቱ ችኩልነት ነው፤ ችኩልነቱ ብቻውን "አይሆንም" ለማለት ይበቃል።

ሐሙስ ዕለት መዲና ደወለች።

"ሐጂን ሐኪም ሥጋ ከልክሏቸዋል። ዓሣ ላበላቸው ነበር፤ ከሐይቅ ደግሞ ሰሞኑን ዓሣ የሚባል ጠፋ።"

"ዓሣውን ለኔ ተዪው" አልኩ።

"አንተ ስለ ዓሣ ምን ታውቃለህ?"

"ነጋዴ አይደለሁም እንዴ?"

ይቺን መልስ ብውጣት ኖሮ ይህን ታሪክ አታነቡትም ነበር።

ኮምቦልቻ የማውቀው አንድ የበረዶ ቤት ባለቤት አለ። ለውጭ ዜጎች ወጥ ቤት ከጅቡቲ መጥቶ የተረፈ ዓሣ እንዳለው ነገረኝ። የታሸገ ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ ከውኃ ዘሎ የወጣ፣ ወፍራምና ደስተኛ ዓሣ ተሥሏል። "ክፈተውና ልየው" ማለት ነበረብኝ። ግን የታሸገ ካርቶን በሻጩ ፊት መክፈት እኛ ዘንድ "አላምንህም" ብሎ መስደብ ነው። ካርቶኑን አንሥቼ ክብደቱን ገመትኩ፣ መታ መታ አድርጌ ድምፁን ሰማሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ለብርድ ልብስ የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በጓሮ በር ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ሐሳቤ ካርቶኑን አስረክቦ መጥፋት ነበር። ሐጂ ሙሔና ሽማግሌዎቼ ሳሎን ገብተው ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ታደለ ሳቅ ይሰማኛል። መዲናና ወጥ ሠሪዋ ጥሩዬ ካርቶኑን በቢላዋ ቀደዱት።

መዲና አንዱን በጅራቱ አነሣችው። ጣውላ ይመስላል። አገላበጠችው። አንዱ ጎኑ ቡናማ፣ ሌላው ነጭ። በቡናማው በኩል ሁለት ዓይን ተጎራብተዋል። በነጩ በኩል ምንም የለም።

"እንድሪስ።"

"አቤት።"

"ግማሹ የታለ?"

"የምን ግማሽ?"

"የዓሣው ነዋ! ከዚህ ጋ ሰንጥቀኸዋል።"

"ኧረ በአላህ! ግማሽ ቢሆን አንድ ዓይን ነበር የሚኖረው፤ ሁለት አይደል ያለው?"

ጥሩዬ ጣልቃ ገባች። "ሁለቱንም ዓይን ወደ አንድ ወገን አስቀርተህ ነዋ የቆረጥከው! ብርድ ልብስ ስትቆርጥ አበባውን በአንድ በኩል ታስቀር የለ?"

መልስ ሳዘጋጅ መዲና ሌላ ዓሣ አወጣች። የዚህኛው ዓይኖች በተቃራኒው ጎን ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ሌባ የያዘ ሰው ደስታ መጣ።

"ይኸው! ሌላኛው ግማሽ ይሄ ነው!"

ነጩን ከነጩ አድርጋ ገጠመቻቸው። አንዱ ጎን ሁለት ዓይን፣ ሌላው ጎን ሁለት ዓይን።

"አራት ዓይን! በስመ አብ!" ጥሩዬ አማተበች።

"እዪልኝ" አለች መዲና፤ "ሰው ግማሽ ዓሣ ይዞ ሙሉ ሴት ይጠይቃል?"

ይቺን ስትል ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። የሐጂ ሙሔ ከዘራ መሬቱን ስትመታ ሰማሁ፤ ወደኛ ነው የምትመጣው። መደበቂያ ፈለግሁ። በማቀዝቀዣውና በሽንኩርቱ ጆንያ መሐል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለ፤ እኔ ግን ትንሽ ወፈር እላለሁ።

ሐጂ ገቡ። ጋሽ ታደለ ከኋላቸው። ሐጂ ዓሣውን አዩ፣ መዲናን አዩ፣ ከዚያ ከሽንኩርቱ በላይ የወጣውን ራሴን አዩ። ያውቁኛል፤ ከሱቄ ጋቢ ገዝተዋል። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ይሄ ሰው ማነው?" አሉ።

ጋሽ ታደለ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

"ዓሣ ነጋዴው ነው" አለች መዲና።

"እንዲያ ነው?" ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ጠያቂው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መታየቱ ነውር ነበር፤ ነገሩም እዚሁ ባለቀ። ዓሣ ነጋዴ ከሆነ ግን ይውጣና ይቀመጥ።" ወደ ጋሽ ታደለ ዞሩ። "የሚገርመው፣ እናንተን የላካችሁን ሰውዬ በጣም ይመስላል።"

"ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ ሐጂ" አሉ ጋሽ ታደለ።

እንግዲህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበርኩም። የነበረው ዓሣ ነጋዴ ነው።

መዲና ክሷን አቀረበች። ሐጂ ዓሣውን ተቀብለው አገላበጡ።

"ዓሣ ከሆነ የባሕር ነው፤ ሐላል ነው። ቅርጹ እኔን አያስጨንቀኝም፤ አላህ የሠራውን ቅርጽ አላርምም። ነገር ግን ግማሹን ሌላ ቦታ ሸጦ ግማሹን ሙሉ ነው ብሎ ለኔ ካመጣ፣ ሰውየው አጭበርባሪ ነው። ለአጭበርባሪ ደግሞ..." መዲናን አዩዋት፤ "...ከእሱ ዓሣ አንገዛም።"

ነገሩ የዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

"ይከፈትና ይታይ!" አልኩ። "ውስጡ ይናገራል።"

መዲና ትልቁን ቢላዋ አመጣች። ቢላዋው ተንሸራተተ። መጥረቢያ አመጣች። ዓሣው እንደ ሸክላ ጮኸ እንጂ አልተበገረም። በረዶው እስከ አጥንቱ ገብቷል።

"ፈላ ውኃ ላፍስበት?" አለች ጥሩዬ።

"ማስረጃ አይቀቀልም" አሉ ሐጂ። "ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እንጠብቃለን።"

የኮምቦልቻ ፀሐይ እንደ ደሴዋ ሰው አታፍርም፤ ግን ያን ቀን ደመና ሸፈናት። ዓሦቹን ቆርቆሮ ላይ ደረደርናቸው። ወንበር ወጣ። ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን፤ ለቅሶ ቤት እንጂ ምግብ ቤት አንመስልም።

"ጋሽ ታደለ" አሉ ሐጂ፤ "እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት። ይሄ ምንድን ነው?"

ጋሽ ታደለ ደረታቸውን ነፉ። "የጥልቅ ባሕር ዓሣ ነው። እታች ውኃው ከባድ ነው፤ ተራራ የሚያክል ውኃ ከላይ ይጫነዋል። እየተጫነ፣ እየተጫነ እንዲህ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ዓይኑ ራሱ ከጭነቱ ብዛት ነው ወደ አንድ ጎን የሾለከው።"

"ባሕር ላይ እያሉ አይተውታል?"

"እንዲህ በቅርብ... አላየሁም።"

"በሩቅስ?"

"ሐጂ፣ እኔ የሙዚቃ ክፍል ነበርኩ። ጥሩምባ ነበር የምነፋው። የክብር እንግዶቹ በየብሱ በኩል ነበር የሚቆሙት፤ እኛ ፊታችንን ወደነሱ፣ ጀርባችንን ወደ ባሕሩ።"

መዲና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ ተከሳሽ መሆኔ ትዝ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የራሴን ጉድጓድ የቆፈርኩት። "አንድ ነገር ልሞክር" አልኩ። "እኔ ጫማ እለይ ነበር። እነዚህ ዓሦች ግማሽና ግማሽ ከሆኑ ቀኙና ግራው እኩል ይሆናል፤ በቁመትም ይገጥማል። ካልሆኑ ግን ይበላለጣል። ልለያቸው።"

"ይለያቸው" አሉ ሐጂ።

ተንበረከክሁ። ዓይኑ በቀኝ የሆነውን በቀኝ፣ በግራ የሆነውን በግራ አደረግሁ። እጄ ደነዘዘ፤ ሥራው ግን ከልጅነቴ የማውቀው ነው፤ ፈጥኜ ጨረስኩ። ቀና ብዬ ክምሮቹን ቆጠርኳቸው። እኩል መጡ። ቁመታቸውም ይቀራረባል። ጫማ ቢሆኑ ኖሮ በደስታ እዘል ነበር፤ አንድም የባዘነ የለም!

"ማሻአላህ" አለች መዲና። "ሁሉም ጥንዱን አገኘ።"

የዝሁር ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሐጂ ተነሡና አሰገዱን። ዓሣ ነጋዴው ከኋላ ሰገደ። ግንባሩን መሬት ደፍቶ፣ በሱጁድ ላይ ሆኖ ስለ ዓሣ አከርካሪ ዱዓ ያደረገ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ስንመለስ መዲና ስልክ ይዛለች። "ኢክራም ጋ ፎቶ ልኬያለሁ" አለች። ኢክራም የእህቷ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ ታስተምራለች። መዲና እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ትምህርት እንደ ቀልድ ነበር የምታየው። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችው።

"አክስቴ፣ አየሁት። ጠፍጣፋ ዓሣ ነው" አለች ኢክራም።

"ጠፍጣፋነቱን እኛም አይተናል ልጄ" አሉ ሐጂ።

"አይ፣ የወገኑ መጠሪያ ነው ሐጂ አባባ። ብዙ ዓይነት አለው። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ነው፤ በየጎኑ አንድ አንድ ዓይን አለው። ትንሽ ሲያድግ አንደኛው ዓይን ግንባሩን አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ከዚያ ዓሣው በታወረው ጎኑ አሸዋ ላይ ይተኛል፤ በሁለቱም ዓይኑ ወደ ላይ ያያል።"

ጥሩዬ የራሷን ግንባር ዳሰሰች።

"ሱብሐነላህ" አሉ ሐጂ።

"ጭነቱ ነው አይደል?" አሉ ጋሽ ታደለ።

"አይደለም አባባ። ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ የሚኖሩ ዘመዶች አሉት፣ እውነት ነው። ግን ውኃው የሚጨፈልቅ ቢሆን እዚያ ያለው ዓሣ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆን ነበር፤ ድቡልቡሉም እዚያው አለ።"

"ቆይ" አለች መዲና፤ "ግማሾቹ በቀኝ፣ ግማሾቹ በግራ ናቸውኮ።"

አሁን ኢክራም ጠያቂ ሆነች። "ስልካችሁ ፎቶ አይገለብጥም?"

"አይገለብጥም። በዓይናችን እያየነው ነው።"

"ይሄ ይገርማል። አብዛኞቹ ዓይናቸው የሚዞረው ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው። የቀኝ ቤተሰብ አለ፣ የግራ ቤተሰብ አለ። እኩል ከመጣ ወይ ሁለት ዓይነት ዓሣ ተቀላቅሏል፣ ወይ ደግሞ..."

"ወይ ተሰንጥቋል" አለች መዲና።

"ወይ አንድ የተለየ ዓይነት ነው። ዓሣው አጠገብ ማን አለ? ጥያቄ ልጠይቀው።"

"ዓሣ ነጋዴው አለ" አሉ ሐጂ።

"የቱ ዓሣ ነጋዴ? እንድሪስ አይደለም እንዴ፣ አክስቴን የጠየ..."

"ልጄ!" ሐጂ ከዘራቸውን መሬት መቱ። "እሱ ዛሬ እዚህ የለም።"

"እሺ... እሺ። አንተ ዓሣ ነጋዴ፣ አፉ ትልቅ ነው ትንሽ?"

አፉን ለመክፈት ጣቴን ከተትኩ። "ትልቅ ነው። ጥርስም አለው" አልኩ፤ ደሜ እየወጣ።

"ጥሩ። የጀርባው ክንፍ የት ይጀምራል? ከዓይኑ በላይ ነው ወይስ ወደ ኋላ ርቆ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። "ርቆ ነው። ራሱን አልፎ። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ይዋጋል።"

"እንዲያ ከሆነ የመጨረሻውን በደንብ እይ። የላይኛው ዓይን ጎኑ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል ወይስ የራሱ ጫፍ ላይ ነው?"

አፍንጫዬ ዓሣውን እስኪነካ ድረስ ቀረብሁ። ዓሣውና እኔ ተያየን። "ጫፉ ላይ ነው" አልኩ። "ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ እንደሚያይ።"

ኢክራም ጮኸች። "እሱ ነው! ዓይኑ ጉዞውን ያልጨረሰው! ከወገኑ ሁሉ የቆየ ዓይነት ነው። የሌሎቹ ዓይን ተሻግሮ ይገባል፤ የእሱ ጫፍ ላይ ይቆማል። ቀኝና ግራውም እኩል የሚወጣው በእሱ ነው። ያያችሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ዓሣ ነው!"

"ሙሉ ነው በይኛ!" አልኩ።

"በፎቶና በወሬ እንዲያ ብዬ አልምልም" አለች። የመዲና ዘመድ መሆኗ በዚህ ታወቀኝ። "ክፈቱት። ሙሉ ከሆነ አከርካሪው መሐል ላይ ነው፤ ከላይም ከታችም ሥጋ አለው። የተሰነጠቀ ከሆነ አጥንቱን በነጩ በኩል ወዲያው ተጋልጦ ታገኙታላችሁ።"

ሐጂ አንዱን ዓሣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ገባላቸው። ቢላዋውን ራሳቸው ያዙ። "ቢስሚላህ" አሉ።

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሲከፈት አይቻለሁ፤ ቦንዳ፣ ካዝና፣ የጉምሩክ ኮንቴይነር። እንዲህ አንገቴን አስግጌ ያየሁት የለም። ቢላዋው በጎን ገባ። ሐጂ በቡናማው በኩል ገለጡ፤ ነጭ ሥጋ። ከሥሩ አከርካሪው ወጣ፤ ጥርሱ ሙሉ እንደሆነ ማበጠሪያ ተዘርግቷል። ገለበጡት። በነጩ በኩል ገለጡ፤ እዚያም ሥጋ። አጥንቱ መሐል ላይ ነው። ከግራው ክምር ሌላ አንሥተው ከፈቱ፤ ልክ እንደዚያው።

"ሙሉ ነው" አሉ። "ዓሣ ነጋዴው ነጻ ነው።"

መዲና ነጩን ጎን በጣቷ ዳሰሰች። "ይሄ ጎኑ ለምን ነጣ?"

"ማንም ስለማያየው" አለች ኢክራም ከስልኩ ውስጥ። "ቀለሙን የሚያወጣው ለሚታየው ጎኑ ነው።"

መዲና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ቀና ብላ አየችኝ። "እና አንተ" አለችኝ፤ "ካርቶኑን ሳትከፍት ነው ያመጣኸው?"

"ሳልከፍት ነው።"

"የማታውቀውን ነገር ሙሉ ነው ብለህ ስትሟገት ዋልክ?"

ሙሉ መሆኑን እኔም ያወቅሁት አሁን ከእነሱ ጋር ነው። በልቤማ፣ ቀኝና ግራው እኩል ሲመጣ፣ የበረዶ ቤቱ ሰውዬ ሰንጥቆ ሸጦልኝ ይሆን ብዬ ነበር።

"ዓሣ ነጋዴው ይሂድ" አሉ ሐጂ። "እኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጉዳይ አለን።"

በጓሮ በር ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባጃጆች ያልፋሉ፣ ፈረቃ የለቀቁ ሠራተኞች ያልፋሉ። የጥብሱ ሽታ ወጣ። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። ነጻ ወጥቼ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም፤ ዓሣው ከተፈረደለት በኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

በሩ ተከፈተ። ጥሩዬ ሰሐን ይዛ መጣች። ሰሐኑ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አለ፤ ነጩ ጎን ብቻ፣ ከአጥንቱ ተላቅቆ።

"ግማሹ የታለ?" አልኳት። ከአፌ ያመለጠ ነው፤ ነቢዩን ይዤ አልዋሽም።

ጥሩዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። "መዲና እየበላችው ነው። 'ካርቶን ሁሉ ከፍቶ ሊያይ ቃል ከገባ ይግባና አብሮኝ ይጨርስ' ብላለች።"

ቃል ገባሁ። ገባሁም።

ይህ ነገር ምን ለወጠኝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንደኛ ነገር የሚያስጠላ ገዢ አደረገኝ፤ ሻጮች አሁን ሲያዩኝ ፊታቸው ይጨማደዳል። ማንኛውንም ካርቶን ባለቤቱ ፊት እከፍታለሁ፤ የከፈትኩትንም እገለብጣለሁ። "አላምንህም ማለትህ ነው?" ይሉኛል። "ማመኔማ አምኜሃለሁ፤ ዕቃውን ነው የማላውቀው" እላቸዋለሁ። እናንተም አንድ ነገር ግማሽ መስሎ ሲታያችሁ ቶሎ አትፍረዱ፤ ቶሎም አትማሉለት። በረዶው እስኪለቅ ጠብቁና ክፈቱት።

የጠፍጣፋ ዓሣ አፍቃሪም ሆኛለሁ። ኢክራም ፎቶ ትልክልኛለች፤ ከጥልቁ የወጣ፣ ስስ፣ ጥቁር፣ ሰው ዓይቶት የማያውቅ። "የቀኝ ነው የግራ?" ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ አውቀዋለሁ። ጫማ የለየ ሰው ነኝ።

ሐጂ ሙሔ ግን እስከ ዛሬ እንድሪስ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ከቢስቲማ ወደ ቤታችን ሲመጡ መዲና ዓሣ ታቀርብላቸዋለች፤ እኔ አጥንቱን አወጣላቸዋለሁ። በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ ወደ እሷ ዞር ይላሉ።

"መዲና፣ ያ የጠየቀሽ ሰውዬ ግን እስካሁን አልመጣም?"

"አልመጣም ሐጂ።"

"ይቅርበት" ይላሉ። "ዓሣ ነጋዴው ይሻላል።"